ሰባት የአቡጀዲ ቀሚስ

ታቢታ ኩማ ሰው ለክታ አታውቅም ነበር። አዋሳ ፒያሳ ካለችው በረንዳችን ፊት ቆሞ ኮት ማሰፋት እፈልጋለሁ የሚላትን ሰው አንድ ጊዜ ከአናቱ እስከ ጫማው ታየዋለች፣ "ሐሙስ ይምጡ" ትለዋለች፣ አለቀ። ሜትሩን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ደንበኛው እንዳይሠጋ ብላ ነው። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ እጅጌው አጠረብኝ ብሎ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

እንዲህ ያለ ችሎታ ለእኔ ተሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ አገር ይሰማው ነበር። እሷ ግን ዝምተኛ ናት። ክሩን በጥርሷ ይዛ የሰውን ወሬ ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ቢበዛ አንድ ቃል ነው። በበረንዳው ላይ የሁለታችንንም ድርሻ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ሥራ ተከፋፍለናል ብዬ አስብ ነበር።

አባቷ አቶ ኩማ ይርጋለም አካባቢ በአንድ ክሊኒክ ቁስል ያጥቡ ነበር። እናቷ ታምሩን በወለደች በሳምንቷ ሞተች። ታቢታ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሕፃኑን አዝላ ውኃ ቀዳች፣ አዝላ ተማረች፣ ትምህርቱን ስትተወውም አዝላው ነበር። አባትየው ሲሞቱ ወንድሟንና አንድ ሲንጀር የእጅ ስፌት መኪና ይዛ አዋሳ ገባች። ባል ሲጠይቃት "ታምሩ ይደግ" አለች። ታምሩ አድጎ ከበሩ ጉበን ጋር ሲተካከልም ያንኑ ትል ነበር።

እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፣ ማርያምን ሳልጠራ ከመቀመጫዬ አልነሣም። እሷ ደግሞ ጴንጤ ናት። በጾም ፊቴ ቁጭ ብላ እንቁላል ስትልጥ "ግድ የለሽም፣ እዚያ እሳቱ ዘንድም ልብስ ሰፊ አይጠፋም" እላታለሁ። ትስቃለች። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ሰባት ዓመት አልፎት፣ የበቆሎ መጋዘን ሆኖ ነበር። በየሰው ቤት እየተደበቁ፣ ራዲዮኑን ከፍ አድርገው ከሥሩ በሹክሹክታ ይዘምራሉ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። እኔን አምና ነው የነገረችኝ።

በነሐሴ ወር 1977 ዓ.ም. ታምሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መስከረም 28 ማክሰኞ ከመናኸሪያ ተጭነው እንደሚሄዱ ተነገረው። ያን ዕለት ማታ እኅቱን አንድ ነገር ብቻ ለመናት፦ ሳልሄድ ልጠመቅ። እነሱ ዘንድ ሰው የሚጠመቀው አድጎ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ሙሉ ሰውነቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነው። በበርሜል ውኃ አይሆንም ወይ ብዬ ብጠይቃት በክፉ ዓይኗ አየችኝ።

ሐይቁ አይታሰብም፤ ከአሞራ ገደል እስከ ማዶ ዓሣ አጥማጁ፣ ጥበቃው፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ ያያል። ስለዚህ አቶ ሙሴ አንድ ዘዴ አመጡ። አቶ ሙሴ የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ በድብቅ ደግሞ የእነ ታቢታ ሽማግሌ። ማኅበሩ በወንዶ ገነት በኩል ባሉት ኮረብታዎች ላይ የእግር ጉዞ ያድርግ፣ ጊዜው አደይ የፈነዳበት ነው፣ ማን ይጠረጥራል? ኮረብታውን ሲወርዱ ወንዝ አለ። ከታምሩ ጋር ስድስት ሌሎችም ይጠመቃሉ። ሰባት ሰው፣ ሰባት ነጭ ቀሚስ።

ለቀሚሱ አቡጀዲ ያስፈልጋል። አቡጀዲ ደግሞ በቀበሌው ሱቅ በካርድ ነው፣ ለአንድ ቤተሰብ ሦስት ሜትር። ታቢታ ሰባት ካርድ ለመነች፣ አራቱን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ማተብ ያላትን ሴት ማን ይጠረጥራል ብለን ነው። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። ተራዬ ደርሶ አራቱን ካርድ ስዘረጋ ባለሱቁ ሞገስ እጁን ከጨርቁ ላይ አነሣ።

"ጥሩዬ፣ ይህ ሁሉ አቡጀዲ ምን ሊሆንሽ ነው? ማን ሞተባችሁ?"

አቡጀዲ መገነዣ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሰልፉ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ጸጥ ያለ ሰልፍ አልችልም።

"ማንም አልሞተ" አልኩት። "ይህን ለብሰው ወንዝ ገብተው ይነከራሉ። አሮጌውን ሰው ውኃ ይወስደዋል፣ አዲስ ሆነው ይወጣሉ። አንተም ሞገስ ብትነከር አይከፋም፣ ሚዛንህ ይስተካከል ነበር።"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ከኋላዬ ያሉ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ይዘው ነው የሳቁት። ሞገስም እየሳቀ ዐሥራ ሁለቱን ሜትር ቀደደልኝ። ወደ በረንዳው ስመለስ ጥርጣሬያቸውን በቀልድ አሳልፌዋለሁ እያልኩ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲያ አስቤ አልነበረም። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ለታቢታ ምን እንዳልኩ አልነገርኳትም። ጨርቁን ሰጠኋት፣ "ዕድሜ ይስጥሽ" አለችኝ።

አቶ ሙሴ የጉዞውን ማመልከቻ ለቀበሌው ያስገቡት በሦስተኛው ቀን ነው። በማግስቱ ተፈቅዶ፣ ማኅተም ተመቶበት ተመለሰ። ቀበሌ ገብቶ በማግስቱ የተመለሰ ወረቀት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከታች አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ የቀበሌው የወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ደረሰ ከተጓዦቹ ጋር ይሄዳል። አቶ ሙሴ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡትና "ወጣት ነው፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል" አሉ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው እሳቸው ናቸው።

እሑድ መስከረም 26 ማለዳ ዐሥራ አምስት ሆነን ከመናኸሪያ ተሳፈርን። ደረሰ አዲስ ካኪ ለብሷል። ሙሉ ልብሱን ለአብዮት በዓል የሰፋችለት ታቢታ ናት፣ እንደ ልማዷ ሳትለካው። "አየሽ ጓድ ታቢታ፣ ልክ እንደ ቆዳዬ ነው" እያለ እጁን ወደ ላይ ወደ ታች ያደርግ ነበር። ቀሚሶቹ በታቢታ ዘንቢል ውስጥ ከዳቦው ሥር ነበሩ። ታምሩ ብቻ የራሱን ከሸሚዙ ሥር ለብሶት ነበር፤ ልጅ ነውና ቸኩሎ።

ከመንገዱ ወርደን ኮረብታውን ስንይዝ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። እንደዚያ ያለ አበባ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አደዩ እስከ ወገባችን ይደርሳል፣ በመሀሉ ሐምራዊ የማገጥ አበባ ተነጥፏል፣ በየቁጥቋጦው ነጭ ቀጋ አለ። የለበስነው ሁሉ ቢጫ ሆነ። ከተጠማቂዎቹ አንዷ ጽጌሬዳ የምትባል ልጅ ነበረች፤ አደይ ቀጥፋ ለሁላችንም ታድላለች። ለደረሰም ሰጠችው። ደረት ኪሱ ላይ ሰካት።

አንድ ገበሬ ከብቶቹን እየነዳ አገኘን። "ኬሬ" ብሎ ሰላምታ ሰጠን፣ ከዚያ ታቢታን በሲዳምኛ አናገራት፤ እኔም ቋንቋውን ትንሽ እሰማለሁ። ትናንት ማታ ከላይ ዘንቧል፣ ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል፣ ዛሬ አትጠጉት አላት። ታቢታ አመሰገነችውና መንገዷን ቀጠለች። የተናገረውን ለአቶ ሙሴ ብቻ ነው በጆሯቸው የነገረቻቸው።

ሁለተኛውን ኮረብታ ስንጀምር ደረሰ ወደ ኋላ ቀረና ከእኔ ጋር እኩል ይራመድ ጀመር። አበባ እየመታ የሚሄድበት ቀጭን በትር ይዟል። የአደዩ ራስ ከፊታችን እየተቀጠፈ ይወድቃል።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ መቼም ጨዋታ ያውቃሉ" አለኝ።

"ምን አውቃለሁ ልጄ።"

"አሮጌውን ሰው ውኃ ይወስደዋል፣ አዲስ ሆነው ይወጣሉ።" ቃል በቃል ነው ያለው። ድምፄን ሳይቀር አስመሰለ። "ዛሬ ነው እንግዲህ የሚነከሩት?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ስሰማ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። "ቀልድ ነው እኮ" አልኩት። "ጎሽ" አለኝ፤ ፈገግ ብሎ፣ አበባውን እየመታ ወደ ፊት አለፈ።

ምሳ ለመብላት ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። ታቢታ ዳቦና ቅቅል ድንች አወጣች፣ ከሥር ያለው ነጭ ጨርቅ እንዳይታይ ዘንቢሉን በጉልበቷ ሸፍና። ሁሉም ሰው ድርሻው እጁ ገባ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይል ዐሥራ ሦስቱም ጭንቅላታቸውን አቀረቀሩ። ሲያድጉ ለምደውት፣ እጃቸው ዳቦ ሲነካ አንገታቸው በራሱ ጎንበስ ይላል። ሊደብቁት ያቀዱት ሁሉ ነገር በዚያች ቅጽበት ሜዳ ላይ ተዘረጋ። ቀና ያልነው እኔና ደረሰ ብቻ ነበርን፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱ አፉ ውስጥ ዳቦ ነበር።

"ሁላችሁም መሬት መሬት የምታዩት ምን ጠፍቶባችሁ ነው?" አለ።

"ጉንዳን እንዳይኖር ብለን ነው" አሉ አቶ ሙሴ።

ማንም አልሳቀም። እኔም እንኳ።

ከምሳ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ የወንዙ ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ታቢታን በክንዷ ይዤ ወደ ኋላ አስቀረኋት። "ታቢ፣ ዛሬ ይቅርባችሁ" አልኳት።

"ታምሩ ማክሰኞ ይሄዳል።"

"ግድ የለም፣ ሲመለስ ይሆናል።"

ቆም አለችና እንደ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "የምታውቂው ነገር አለ?" አለችኝ።

አለ ብል ከየት እንደመጣ መጠየቋ አይቀርም። ከአፌ እንደመጣ ልነግራት ነው። ስምንት ዓመት ምሥጢሯን እኔ ዘንድ አስቀምጣ ስትሰፋ የኖረችውን ሴት፣ ለሰልፈኛ ሳቅ እንደሸጥኳት ልነግራት ነው። እሥራቱን ሳይሆን ፊቷን ነው የፈራሁት። "የለም" አልኳት። "ወንዙ ሞልቷል ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"እኔም ሰምቻለሁ" አለችና ዘንቢሏን አንሥታ ወረደች።

ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ ይዞ ይወርዳል። ደረሰ ራሴን አመመኝ አለና ከሾላ ሥር ተጋደመ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። አቶ ሙሴ ወደ ሰማይ ቀና ብለው አመሰገኑ። ታቢታ አጠገቡ እንድቀመጥ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ቀና ካለ ማሳል ነው ሥራዬ። እነሱ ከወንዙ መታጠፊያ፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ ሄዱ። እኔ ከተቀመጥኩበት ግን በቅርንጫፎቹ መሀል ይታዩኝ ነበር።

አቶ ሙሴ እስከ ወገባቸው ገቡ። ታምሩ የመጀመሪያው ሆነ። ነጩ ቀሚስ ውኃው ላይ እንደ ድንኳን ተነፋ፣ ከዚያ ሽማግሌው ጀርባውን ይዘው ወደ ኋላ ሲያስተኙት ልጁ ከነቀሚሱ ጠፋ። ቡናማ ውኃ ብቻ ሆነ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፣ እኔ ግን ሦስት ጊዜ በማርያም ስም ለመንኩ። ብቅ ሲል ይስቅ ነበር። ታቢታ ዳር ላይ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ በደስታ ነው። ቀናሁባት፣ አልዋሽም።

"ስንተኛው ነው?"

ከባርኔጣው ሥር ነው ድምፁ የመጣው። ባርኔጣው አልተነቃነቀም። የደረሰ እጅ ግን ደረቱ ላይ፣ በተቀደደ የኒያላ ሲጋራ ፓኮ ላይ እርሳስ ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ማሳል ነበረብኝ። ሥራዬ ማሳል ብቻ ነበር።

"አራተኛ" አልኩት።

ለምን እንደመለስኩለት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ መመለስ ልማዴ ነው። "ጽጌሬዳ ናት አይደል?" አለኝ። ዝም አልኩ፤ በሕይወቴ ዝም ያልኩት ዘግይቼ ነው። እርሳሱ ሲጭር ይሰማኝ ነበር። ሰባቱም እስኪያልቁ ድረስ እንደዚያ ተቀምጠን ቆየን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልነሣ።

ሲመለሱ የሁሉም ፊት በርቷል። የሴቶቹ ፀጉር ጀርባቸው ላይ ይንጠባጠባል። ደረሰ ተነሣና ተንጠራራ፣ "ጥሩ እንቅልፍ ነበር" አለ። በመንገዱ ሁሉ እነሱ በቀስታ ያዜማሉ፣ እሱም ዜማውን ይዞ ያፏጫል። እኔ አደዩን ማየት አልቻልኩም።

አዋሳ መግቢያ፣ ጥቁር ውኃ ኬላ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመ። አንድ የጭነት መኪናና ስድስት ወታደሮች ይጠብቁ ነበር። ሁላችሁም ውረዱ ተባልን። ደረሰ የሲጋራውን ፓኮ ለመቶ አለቃው ሰጠ፣ መቶ አለቃውም ስም ጠራ። አቶ ሙሴ። ጽጌሬዳ። አምስቱ ሌሎች። ታቢታ ኩማ። የቀሩት አራቱም። ዘንቢሉን ሲገለብጡት ስድስቱ ቀሚስ ርጥብ እንደሆነ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። አንዱ ወታደር በእግሩ እየገለበጠ "የምን ከፈን ነው?" አለ።

ታምሩ ወደ ፊት ወጥቶ "እኔም ተጠምቄያለሁ፣ እኔንም ያዙኝ" አለ። መቶ አለቃው ወረቀቱን አየና "አንተማ ማክሰኞ የምትሄድበት ይበቃሃል" አለው።

"እቺስ?" አለ ወታደሩ ወደ እኔ እየጠቆመ።

"እሷን ተዋት፣ የእነሱ ሰው አይደለችም" አለ ደረሰ።

ታቢታ መኪናው ላይ ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝ። ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ጊዜ። ከዚያ ታምሩን ብቻ ታይ ነበር።

ማክሰኞ ታምሩን መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ቀሚሱን አጥፎ ሰጠኝ። "ትከሻዬ ላይ ጠቦኛል ብለሽ ንገሪያት" አለኝ እየሳቀ። "እንዳደግኩ አላየችም።" በሰኔ ወር ከሰሜን ወረቀት መጣ። ሬሳም አልመጣ፣ መቃብሩም የት እንደሆነ አይታወቅም። ለታቢታ ወህኒ ቤቱ አጥር ላይ የነገርኳት እኔው ነኝ። በየእሑዱ ስንቅ ይዤ እሄድ ነበር፣ በየእሑዱም ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ። የወንድሟን ሞት ካረዳኋት በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ?

የተፈታችው በዓመት ከሦስት ወሯ ነው። ከስታ፣ የፊት ጥርሷ አንዱ ወልቆ መጣች። ክር የምትይዝበት ነበር። ሲንጀሯን በየቅዳሜው ዘይት እየቀባሁ ጠብቄላት ነበር፤ ተቀመጠችና አንድ ጊዜ አዞረችው። ከመሳቢያው የታምሩን ቀሚስ አውጥቼ የላከውን ነገርኳት። ትከሻውን በጣቷ ዳሰሰችው። ሜትሩን ከመሳቢያው አንሥታ ለካችው፣ ስትለካ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። "በሦስት ጣት ጠቦታል" አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም ሳትለካ አትሰፋም።

እኔ ግን ሁለት ዓመት ተጨማሪ ዝም አልኩ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ጎረቤቱ አወራለሁ፣ እሷ ክሩን በጎን ጥርሷ ይዛ ትሰማለች። አንድ የመስከረም ጠዋት አንዲት ልጅ አደይ ይዛ በበረንዳችን ፊት አለፈች፤ የምተክለው ቁልፍ ከእጄ ወደቀ። መቻል አቃተኝ።

"ታቢ፣ ያን ጊዜ ያስያዝኳችሁ እኔ ነኝ" አልኳት። "ሞገስ ሱቅ፣ ሰልፉ ላይ ተናግሬ ነው።"

የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። ስፌቱን እስከ ጫፉ አድርሳ፣ ክሩን ቆርጣ፣ ከዚያ ነው ቀና ያለችው።

"በታሰርኩ በመጀመሪያው ቀን ነው ያነበቡልኝ" አለች። "ያልሽውን እንዳለ ጽፈውታል። የሞገስን ሚዛን ሳይቀር።"

"አውቀሽ ነው ስንቄን ስትበዪ የኖርሽው? እዚህስ ሁለት ዓመት አጠገቤ? ለምን ዝም አልሽ?"

"ኮረብታው ላይ የምታውቂው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር እኮ" አለችኝ። "መልሱን ስጠብቅ ነበር።"

የወደቀውን ቁልፍ ከመሬት አንሥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።